ርካሹና ውዱ ቴሌቪዥን የሚለያዩት በጨለማው ነው

ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሁለቱም ስክሪን 55 ኢንች ነው፤ በሁለቱም ካርቶኖች ላይ «ፎርኬ» እና «ኤች ዲ አር» የሚሉት ቃላት በትልልቅ ፊደላት ሰፍረዋል፤ የአንደኛው ዋጋ ግን የሌላውን አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ የገጠመው ገዢ ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ካርቶኑን ቢያገላብጥ እምብዛም መልስ አያገኝም፤ ምክንያቱም አምራቾች ጎላ አድርገው የሚጽፏቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ርካሹና ውዱ እኩል የሆኑባቸው ቁጥሮች ናቸው። የሚለያዩባቸው ነገሮች፣ ማለትም ስክሪኑ ምን ያህል መጥቆር እንደሚችል፣ ብርሃኑን በየትኛው የምስሉ ክፍል ላይ መጨመርና መቀነስ እንደሚችል፣ የመጣለትን ደካማ ምስል እንዴት እንደሚያስተናግድ፣ ካርቶኑ ላይ አይነሡም፤ ቢነሡም እያንዳንዱ አምራች ባወጣላቸው የራሱ ስም ተሸፍነው ነው።

ከሪዞሉሽኑ፣ ማለትም ምስሉን ከሚሠሩት ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት እንጀምር፤ ብዙ ሰው የምስል ጥራት ማለት እሱ ብቻ ይመስለዋልና። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን በአግድም 3,840፣ በቁመት 2,160፣ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎች አሉት። ከእሱ በፊት የተለመደው ፉል ኤች ዲ ደግሞ 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የዛሬ ርካሽ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የፒክስሎቹ ቁጥር ከውዱ በአንድም አያንስም። ዐይናችን ግን ይህን ሁሉ ዝርዝር ለይቶ ማየት የሚችለው በተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ጤናማ ዐይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲበልጥ ነው ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ስሌት የ55 ኢንች ፎርኬ ስክሪን ፒክስሎች ተለይተው የሚታዩት ከ1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀርቦ ለተቀመጠ ሰው ሲሆን፣ የፉል ኤች ዲው ፒክስሎች እንኳን ከ2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ። ሶፋው ከስክሪኑ ሦስት ሜትር በራቀበት ሳሎን ውስጥ ከፎርኬ ወደ ስምንት ኬ (የፎርኬን አራት እጥፍ ፒክስል ወደያዘው ስክሪን) መሸጋገር የሚያስገኘው ጥቅም በዐይን የሚታይ አይደለም። ስለዚህ ውዱ ቴሌቪዥን ይበልጥ ጥርት ያለ መስሎ ሲታየን ምክንያቱን ከፒክስሎቹ ብዛት ውጪ መፈለግ ይኖርብናል።

ምክንያቱ ጥቁሩ ላይ ነው። የሰው ዐይን ምስልን ጥርት ያለ ነው ብሎ የሚፈርደው ከሁሉ በፊት በብሩሁና በጨለማው ክፍል መካከል ያለውን ርቀት አይቶ ነው። በዚህ ረገድ አብዛኛው ቴሌቪዥን የተሠራበት የኤል ሲ ዲ ቴክኖሎጂ ከተፈጥሮው አንድ ድክመት አለው። ኤል ሲ ዲ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለ፤ ከፊቱ ያሉት ፈሳሽ ክሪስታሎች ደግሞ እንደ መስኮት መዝጊያ እየተከፈቱና እየተዘጉ ያንን ብርሃን ያሳልፋሉ ወይም ያግዳሉ። ችግሩ መዝጊያው ፈጽሞ የማይገጥም መሆኑ ነው፤ የቱንም ያህል ቢዘጋ በጠርዙ ብርሃን ያፈስሳል። አይ ፒ ኤስ በሚባለው የፓነል ዓይነት ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ንጽጽር አንድ ሺህ ለአንድ ገደማ ሲሆን፣ ቪ ኤ በሚባለው ላይ ሦስት ሺህና ከዚያም በላይ ለአንድ ይደርሳል። አንድ ሺህ ለአንድ ትልቅ ቁጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ነጩ 300 ኒት (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) በሚያበራበት ስክሪን ላይ ጥቁሩ 0.3 ኒት ያበራል ማለት ነው። መብራቱ በጠፋ ክፍል ውስጥ ይህ ጥቁር አይደለም፤ አመድማ ነው። የሌሊት ትዕይንት ያለበትን ፊልም በርካሽ ቴሌቪዥን አይቶ «ምንም አይታይም» ያለ ሰው የተመለከተው ይህንኑ ነው፤ የተዋናዩ ጥቁር ኮት፣ ከኋላው ያለው ግድግዳና የግድግዳው ጥላ ሁሉም በአንድ ዓይነት አመድ ውስጥ ይሰምጣሉ።

ውዶቹ የኤል ሲ ዲ ቴሌቪዥኖች ይህን ድክመት የሚያክሙት የኋላውን መብራት በመከፋፈል ነው። በርካሹ ላይ መብራቶቹ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ብርሃናቸውን ወደ መሀል ይረጫሉ፤ አለበለዚያም በጀርባው ላይ ጥቂት መብራቶች ተበትነው ሁሉም በአንድነት ይበራሉ፣ በአንድነት ይደበዝዛሉ። በውዱ ላይ ግን ጀርባው ሙሉ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ዞኖች ተከፍሎ እያንዳንዱ ዞን ለብቻው ይበራል፣ ይደበዝዛል። ሎካል ዲሚንግ የሚሉት ይህንን ነው። ሚኒ ኤል ኢ ዲ የሚባለውም ይኸው አሠራር በመጠናቸው በጣም ባነሡ መብራቶችና በበዙ ዞኖች ሲሠራ ነው። ሆኖም አንድ ሺህ ዞን ያለው ስክሪን እንኳን እያንዳንዱ ዞን ከስምንት ሺህ በላይ ፒክስሎችን መሸፈን አለበት። በጥቁር ሰማይ ላይ አንዲት ኮከብ ስትወጣ ቴሌቪዥኑ ሁለት ክፉ አማራጮች ይገጥሙታል፤ ዞኑን ካበራው በኮከቧ ዙሪያ የብርሃን ጭጋግ ይታያል፤ ካደበዘዘው ደግሞ ኮከቧ ራሷ ትጠፋለች። በሁለቱ መካከል የሚፈርደው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያቀነባብረው ቺፕ ነው። የአምራቹ ችሎታ የሚታየውም እዚህ ነው፤ የዞናቸው ቁጥር የተቀራረበ ሁለት ቴሌቪዥኖች በዚህ ፍርድ ብቻ እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። በርካሾቹ ዘንድ «ሎካል ዲሚንግ አለው» የሚለው ቃል አንዳንዴ ጥቂት ዞኖችን ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ጽሑፍ በወጣና ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የስክሪኑን ግማሽ እያበራና እያጠፋ ዐይንን ይረብሻል። በእኔ ግምት ከእሱ ጨርሶ የሌለው ይሻላል።

ኦሌድ የሚባለው ቴክኖሎጂ ችግሩን ከሥሩ ነው የሚነቅለው። እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ስለሚያበራ ከኋላ መብራት አያስፈልግም፤ ጥቁር ሲፈለግ ፒክስሉ ይጠፋል፤ የሚያፈስስ ብርሃን ስለሌለ ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር ይሆናል። ኮከቧም ያለ ጭጋግ ለብቻዋ ትበራለች። የዚህ ቴክኖሎጂ መሠረት የተጣለው በ1987 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በሥራቸው ላይ የጥናት ጽሑፍ ባሳተሙ ጊዜ ነው። ሶኒ በ2007 የመጀመሪያውን የኦሌድ ቴሌቪዥን ለገበያ ሲያቀርብ ስክሪኑ 11 ኢንች ብቻ ነበር። ባለ 55 ኢንቹ በኤል ጂ በኩል ገበያ ላይ የዋለው በ2013 ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ የኦሌድን ብርሃን ከኳንተም ዶት (ወደ ኋላ ከምናነሣቸው ቀለም ሰጪ ቅንጣቶች) ቀለም ጋር ያጣመሩ ስክሪኖች መጡ። ከ11 ኢንች ወደ 55 ኢንች ለመድረስ ዓመታት መፍጀቱ የዋጋውን ምንጭ ያስረዳል፤ ሚሊዮኖቹ ፒክስሎች እያንዳንዳቸው ብርሃን ሰጪ በሆኑበት ትልቅ ስክሪን ላይ ጉድለት ሳይኖር ማምረት ከባድ ነው። ኦሌድም ያለ እንከን አይደለም። ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን፣ ለምሳሌ በበረዶ ላይ የሚደረግ ውድድር ሲታይ፣ የኃይል ፍጆታውን ለመገደብ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዓርማ ያለ የማይንቀሳቀስ ምስል ለብዙ ሺህ ሰዓታት አንድ ቦታ ላይ ከቆየበት ደግሞ ጠባሳው ሊቀር ይችላል። ቀኑን ሙሉ አንድ የዜና ጣቢያ ተከፍቶ በሚውልበትና ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ጥሩ የኤል ሲ ዲ ስክሪን የተሻለ ምርጫ ነው።

ኤች ዲ አር የሚለው ምልክት ብዙ ገዢ የሚታለልበት ነው። በቀድሞው አሠራር ምስል የሚዘጋጀው ከፍተኛው ብርሃን 100 ኒት ገደማ ይሆናል በሚል ስሌት ነበር። ኤች ዲ አር ይህን ጣሪያ አነሣው፤ ደረጃው እስከ 10,000 ኒት ድረስ ቦታ ሲሰጥ፣ ፊልሞቹ በተግባር የሚዘጋጁት በአብዛኛው 1,000 ወይም 4,000 ኒት በሚደርሱ ስክሪኖች ላይ ነው። ዓላማው ምስሉን በሙሉ ማድመቅ ሳይሆን የሻማን ነበልባል፣ በውኃ ላይ የሚያብለጨልጭን ፀሐይ፣ የመኪናን የፊት መብራት ከቀረው ምስል ለይቶ ማጉላት ነው። ርካሹ ቴሌቪዥን ግን ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 300 ኒት አካባቢ ነው። የሚላክለትን የኤች ዲ አር ሲግናል ይቀበላል፤ በሲግናሉ ውስጥ የተጻፈውን ብርሃን ግን ማውጣት ስለማይችል ሁሉንም ጨቁኖ በጠባቧ አቅሙ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ አንድ ፊልም በኤች ዲ አር ሲታይ በተለመደው አሠራር ከሚታይበት ይልቅ የጨለመና የደበዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካቹም ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት ይመስለዋል። አልተበላሸም። «ኤች ዲ አር ይቀበላል» ማለትና «ኤች ዲ አር ያሳያል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

የዘርፉ ኩባንያዎች ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። ዩ ኤች ዲ አሊያንስ የሚባለው ኅብረታቸው በ2016 ለምርጥ ቴሌቪዥኖች የሚሰጥ የጥራት ምልክት ሲያወጣ ሁለት መንገዶችን ፈቅዶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ወይ ከ1,000 ኒት በላይ እያበራ ጥቁሩ ከ0.05 ኒት በታች መሆን አለበት፣ ወይም ከ540 ኒት በላይ እያበራ ጥቁሩ ከ0.0005 ኒት በታች መሆን አለበት። የመጀመሪያው ለኤል ሲ ዲ፣ ሁለተኛው ለኦሌድ የተበጀ መሆኑ ግልጽ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሃያ ሺህ ለአንድ ንጽጽር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ሚሊዮን ለአንድ ይበልጣል። ባለሙያዎቹ ግማሽ የሚያህለውን ብርሃን በመቶ እጥፍ በጠለቀ ጥቁር መለወጥን እንደ ተገቢ ልውውጥ ቆጥረውታል።

በቀለም በኩል ርካሾቹ ብዙ ርቀት መጥተዋል፤ ይህን አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የተለመደው ነጭ ኤል ኢ ዲ በውስጡ ሰማያዊ መብራት ሲሆን፣ ነጭ የሚመስለው ከላዩ በተቀባው ፎስፈር በሚባል የብርሃኑን ቀለም የሚለውጥ ቢጫ ንጥረ ነገር ምክንያት ነው፤ ከእንዲህ ያለ ብርሃን ንጹሕ ቀይና ንጹሕ አረንጓዴ ማውጣት ያስቸግራል። ኳንተም ዶት የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው እንደ መጠናቸው ወደ ጠራ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይለውጡታል። የግኝቱ ባለቤቶች ሙንጊ ባዌንዲ፣ ሉዊ ብሩስና አሌክሲ ኤኪሞቭ በ2023 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ያገኙበት ይህ ሥራ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ሳይቀር አለ። ነገር ግን ደማቅ ቀለም ማውጣትና ትክክለኛ ቀለም ማውጣት አንድ አይደሉም። ትክክለኛነቱ የሚፈተነው በሰው ፊት ላይ ነው፤ ሣሩ ከልክ በላይ አረንጓዴ ቢሆን እናልፈዋለን፤ የምናውቀው የቆዳ ቀለም ወደ ብርቱካናማ ሲያዘነብል ግን ወዲያው ይታወቀናል። ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ሰማይም ሌላው ፈተና ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም በ8 ቢት ሲመዘገብ 16.7 ሚሊዮን፣ በ10 ቢት ሲመዘገብ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቀለሞች ይገኛሉ። ደካማው ስክሪን ወይም ደካማው ፕሮሰሰር ጀንበር ስትጠልቅ የሚታየውን ሰማይ እንደ ደረጃ በተቆራረጡ እርከኖች ከፋፍሎ ያሳያል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ሐቁ ከማስታወቂያው ይልቅ ቀላል ነው። ርካሾቹ ስክሪኖች በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ውዶቹ 120 ጊዜና ከዚያ በላይ ምስላቸውን ያድሳሉ፤ ከዚህ የተለዩና በልዩ ልዩ ስሞች የሚጻፉ ትልልቅ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የአምራቹ ስሌት እንጂ የስክሪኑ እውነተኛ ፍጥነት አይደሉም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች ይቀረጻል። 120 ለ24 ሲካፈል እኩል አምስት ስለሆነ እያንዳንዱ ምስል እኩል ጊዜ ይታያል። 60 ግን እኩል ስለማይካፈል አንዱ ምስል ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ እየታየ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። እዚህ ላይ ውዱም የራሱ ችግር አለው፤ ኦሌድ ከምስል ወደ ምስል የሚሸጋገረው እጅግ በፍጥነት ስለሆነ በዘገምተኛው ኤል ሲ ዲ ላይ የሚሸፈነው መቆራረጥ በእሱ ላይ ይጋለጣል። በሁለት ምስሎች መካከል ሰው ሠራሽ ምስል እየጨመረ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰው አሠራር ለስፖርት ይጠቅም ይሆናል፤ ፊልምን ግን በስቱዲዮ የተቀረጸ ርካሽ ተከታታይ ድራማ ያስመስለዋል። በ2019 «ፊልምሜከር ሞድ» የተሰኘው አማራጭ ይፋ የሆነው ይህን አሠራር በአንድ ጊዜ አጥፍቶ ፊልሙን ዳይሬክተሩ እንደሠራው ለማሳየት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ላይ ልዩነት የሚያመጣው፣ ብዙም የማይወራለት ፕሮሰሰሩ ነው እላለሁ። በፎርኬ ስክሪን ላይ የምናየው ነገር ሁሉ ፎርኬ አይደለም፤ ብዙው በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ተቀርጾ፣ ተጨምቆ፣ በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት የሚመጣ ነው። በዲስክ የሚሸጥ የፎርኬ ፊልም በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት መረጃ ሊይዝ ሲችል፣ በኢንተርኔት የሚታየው ፎርኬ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ይደርሰናል። ከፉል ኤች ዲ የመጣ ምስል ፎርኬ ስክሪንን እንዲሞላ ከአራት ፒክስሎች ሦስቱ በቴሌቪዥኑ ግምት መሞላት አለባቸው። ጥሩው ፕሮሰሰር የፊትን ጠርዝ በምስሉ ላይ ከሚታዩ የተዘበራረቁ ነጠብጣቦች ለይቶ ያውቃል፤ በመጭመቅ የመጡትን አራት ማዕዘን ጠባሳዎች የቆዳን ሸካራነት ሳያጠፋ ያለሰልሳል። ደካማው ሁሉንም እኩል ያሾለዋል፤ በፊደላትና በሰዎች ዙሪያም ነጭ መስመር ያበቅላል። የጠፋን ዝርዝር ግን የትኛውም ፕሮሰሰር መልሶ አያመጣውም፤ ስለዚህ ምንጩ እጅግ ደካማ ከሆነ ውዱም አያድነውም፤ እንዲያውም ትልቁና ብሩሁ ስክሪን ጉድለቱን አጉልቶ ያሳየዋል።

ከጎን ሆኖ የሚመለከተውም ሰው መረሳት የለበትም። የቪ ኤ ፓነል ፊት ለፊት ለተቀመጠው ጥሩ ጥቁር ሲሰጥ ከጎን ለተቀመጠው ቀለሙ ይገረጣል፤ አይ ፒ ኤስ በተቃራኒው ነው፤ ኦሌድ ከሁለቱም ይሻላል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተበታትኖ በሚያይበት ቤት ይህ ከዞኖች ቁጥር በላይ ሊያሳስብ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ውዱን ገዝተው ከፋብሪካ በመጣበት አስተካከል የሚያዩ ሰዎች ገንዘባቸውን በከንቱ እንዳወጡ ማየት ያሳዝነኛል። ቴሌቪዥኖች በመደብር ብርሃን ውስጥ ዐይን እንዲስቡ «ቪቪድ» በሚባለው ሞድ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚህ ሞድ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ጠርዙ ከልክ በላይ ይሾላል፣ የብሩሁና የጨለማው ክፍል ዝርዝር ይጠፋል። ምስሉን ያዘጋጁት ባለሙያዎች የተጠቀሙበት ነጭ ግን 6,500 ኬልቪን ገደማ የሆነው፣ «ቪቪድ»ን ለለመደው ዐይን በመጀመሪያ ቢጫማ የሚመስለው ነው። ርካሹን ቴሌቪዥን ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ሞድ ለውጦ፣ ማሾያውን ቀንሶ፣ የኋላ መብራቱን ከክፍሉ ብርሃን ጋር አመጣጥኖ የሚያይ ሰው በ«ቪቪድ» ላይ ካለው ውድ ቴሌቪዥን ይልቅ ወደ ዋናው ምስል ሊቀርብ ይችላል። ጥቁሩን ማጥለቅ አይችልም እንጂ ቀለሙን ማቅናት ይችላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ሪሞቱና ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

ገበያው በአሁኑ ወቅት ከሁለቱም ጫፍ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከላይ በኩል በ2025 የኋላውን መብራት በነጭ ወይም በሰማያዊ ፈንታ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ጥቃቅን መብራቶች የሠሩ ግዙፍ ስክሪኖች ቀርበዋል፤ የሃይሴንስ ባለ 116 ኢንችና የሳምሰንግ ባለ 115 ኢንች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በዚያው ዓመት የኦሌድን ብርሃን ለመጨመር አራት ብርሃን ሰጪ ንብርብሮችን የደራረበ የኤል ጂ ፓነልም ወጥቷል። ከታች በኩል ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በምርጦቹ ብቻ ይገኝ የነበረው ሚኒ ኤል ኢ ዲ ወደ መካከለኛው ዋጋ ወርዷል። በዚህ ምክንያት ትልቁ የጥራት ዝላይ ከመካከለኛው ወደ ውዱ መሆኑ ቀርቶ ከርካሹ ወደ መካከለኛው ሆኗል፤ ብዙ መቶ ዞኖች ያሉት፣ ወደ 1,000 ኒት የሚጠጋና 120 ጊዜ የሚያድስ ቴሌቪዥን ከሁሉ ርካሹ የሌለውን አብዛኛውን ነገር ይዟል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው የመጨረሻዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ነው፤ እነሱም መብራቱን አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው እውነተኛ ናቸው፤ በቀን ብርሃን ዜናና ስፖርት ለሚከታተል ሰው ግን ከሞላ ጎደል አይታዩም።

ስለዚህ ሁለቱን ለማነጻጸር የሚሻ ሰው መደብሩ ውስጥ የሚዞረውን የአበባና የወፍ ቪዲዮ ትቶ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ወደ «ሲኒማ» ሞድ እንዲቀየሩለት ይጠይቅ። በፍላሽ ይዞት የሄደውን የሌሊት ትዕይንት ይክፈት፤ በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን ከኮቱ መለየት ይችል እንደሆነ፣ ከሥር በሚወጣው ነጭ ጽሑፍ ዙሪያ ጭጋግ ይኖር እንደሆነ ይመልከት። ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ደግሞ ይመልከት። ልዩነት ካላየ ርካሹን ይዞ ቢሄድ የሚጎድልበት ነገር የለም።